ጧት የማያንኳኳ ሞተር ፍለጋ

ላሊበላ፣ ማለዳ

ሊነጋጋ ሲል አባባ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ኳ ኳ ኳ አለ፤ የዘይቷ ቀይ መብራት እንደበራች ቆየች። ከዚያ ማንኳኳቱም ቆመ፣ መብራቷም ጠፋች። 

ደሴ ያለው ታላቅ ወንድሜ ሲሳይ ለዚህች አሮጌ ፒካፕ ገዢ አግኝቷል። «ዘይትና ፊልትሮ ቀይራችሁ አሁንም ካንኳኳች፣ ቅዳሜ ትሸጣለች» ብሎናል። አባባ ገበያ የሚወጡት፣ ብልባላ ያለችውን እህታቸውን የሚጠይቁት በዚህችው መኪና ነው። እሷ ከተሸጠች አባባ ቤት ውለው ግድግዳ ሲያዩ ይታየኛል። እኔ እያለሁ አይሆንም!

የሰፈራችን መካኒክ ነገሩን አስረድቶናል። ደህና የዘይት ማጣሪያ ፊልትሮ ውስጡ ለስላሳ ጎማ አለው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱን ይዞ ያሳድራል። መናኛው ግን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ታች ይለቀዋል፤ ጧት ሞተሩ በደረቁ ይዞራል። አዲስ መኪና ይችለው ይሆናል፤ የኛዋ አሮጊት ግን ብረቷ ላልቷል። «በመሃለኛው ቀዳዳ ንፉበት» አለን መካኒኩ። «ትንፋሻችሁ በዳር ቀዳዳዎቹ ካመለጠ አትግዙ።»

ጋሸና፣ ረፋድ

የጭነት መኪኖች መንገዱን ዳርና ዳር ይዘውታል። ሆዳችንን በፍርፍር ደገፍ አድርገን መለዋወጫ ሱቅ ገባን። የፊልትሮው ካርቶን ያብረቀርቃል፣ ተለጣፊው ወርቃማ ነው።

«ኦሪጅናል ነው፣ አባቴ» አለ ባለሱቁ።

አባባ ፊልትሮውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ጉንጫቸውን ነፍተው ነፉበት። ትንፋሹ በዳር በኩል ወጥቶ ፊቴን መታኝ።

«ምነው፣ ዋሽንት መሰለዎት እንዴ?»

«ዋሽንት ቢሆንማ ዜማ ይወጣው ነበር» ብለው መለሱለት።

ሁለተኛው ባለሱቅ ጭራሽ «ያልተገዛ ዕቃ በአፍ አይነካም!» ብሎ ከእጃቸው ነጠቀን። ደሜ ፈላ። በር ላይ ሻይ የሚጠጣ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ግን አየንና፣ «ወገል ጤና ሰይድ ጋ ሂዱ፤ እሱ ቢፈተሽ አይቆጣም» አለን።

አባባ አመነቱ። «ገደል ወርዶ መውጣት አለ፣ ልጄ።»

«አባባ፣ የምታንኳኳው አድራ ስትነሳ እንጂ ስትሄድ አይደለም። እንሂድ!»

ወገል ጤና፣ ከሰዓት

ፍሬኑ እስኪሸት ወረድን፤ ከዚያ ጥምዝምዙን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትን ወጣን። የደላንታ ንፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጆሮዬን ቆረጠው።

የሰይድ ሱቅ ግማሹ መለዋወጫ፣ ግማሹ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ነው። ድንጋዮቹ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ብነፋበት ትቆጣለህ?» አሉ አባባ፣ ቆጣ ብለው።

«ይንፉበት እንጂ! እኔስ ድንጋይ ስገዛ ውሃ ሳልነክር፣ ፀሐይ ላይ ሳላገላብጥ መች እገዛለሁ?»

የመጀመሪያው ትንፋሹን አሳለፈ። ሰይድ ራሱ ተቀብሎ ሞከረውና፣ «ወላሂ፣ ይቺስ አሳፈረችኝ» ብሎ ጥግ ወረወራት። ሁለተኛውን አባባ ዓይናቸው እስኪቀላ ነፉበት፤ ንክች የለም። እኔም ሞከርኩ፤ ድፍን ነው። ጎማውን በጣቴ ብጫነው እሺ ብሎ ይመለሳል። አጠገቡ ያለው ጋራዥ ከፈታልን አሮጌ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠን የመጠምዘዣ ጥርሱንና የአፉን ስፋት አስተያየን፤ ልክክ አለ። ጋራዡም ከአዲስ ዘይት ጋር ገጠመልን።

«አብሽሩ፣ አባቴ» አለ ሰይድ። «ፍርዱ ጧት ነው።»

ወገል ጤና፣ በማግስቱ ጧት

መስተዋቱ ላይ አመዳይ ወርዷል። አባባ ቁልፉን ወደ እኔ ዘረጉት።

«አንቺ አስነሺ» አሉኝ።

አዞርኩት። ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ተነሳ፤ ቀይዋ መብራት ወዲያው ጠፋች። ከደስታዬ ብዛት እንባዬ መጣ። አባባ ግን ስልካቸውን አውጥተው ሲሳይን ከእንቅልፉ ቀሰቀሱት፤ ኮፈኑን ከፍተው ስልኩን ሞተሩ አጠገብ ያዙት።

«ሰማህ?»

«ምኑን? የሚያንኳኳ ነገር የለም'ኮ፣ አባባ።»

«በል፣ እንግዲህ አትሸጥም፤ ለገዢው እሱን ንገረው» ብለው ዘጉበት።