ያልሞተ ሰው ድንኳን

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሌንሳ ከኮዬ ፈጬ አውቶቡስ እየቀያየረች ቡራዩ ድረስ መጣችብኝ። ገና ሳትቀመጥ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና አንድ ማስታወቂያ አሳየችኝ። ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ትልቅ ካሜራ ተደግፎ ይስቃል፤ ከሥሩ «ዳይሬክተር ይሁኑ» የሚል በቀይ ተጽፏል።

«አክስቴ፣ ፊልም ትምህርት ቤት ያዋጣል አያዋጣም? እማዬ አንቺ ካልሽ እሺ ትላለች።»

ቀላል ጥያቄ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ሠርግና ማስታወቂያ እየቀረጽኩ እንጀራዬን የምበላ ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር ልመልስላት እችል ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ልጅቷ ምንም አላደረገችኝም፤ ያናደደኝ ያ ጥቁር መነጽር ነው። የእኛም የፊልም አስተማሪ ክፍል ውስጥ ሳይቀር መነጽሩን አያወልቅም ነበር። ያኔ በአንቱታ ነበር የምጠራው። ዛሬ አንቱታውን ነፍጌዋለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ሰበታ፣ ከአስፋልቱ ዳር ነበር። አባቴ ኦቦ ጉደታ ገበሬ ነው፤ መሬታችን በየጊዜው እየተቆረሰ ቢያልቅም ላሞቹን አልተወም። ፊልም ልማር ስለው «የምትሠሪበት ከሆነ ተማሪ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ከላብ አደሩ ጋር ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቄ፣ ቆሎዬን በኪሴ ይዤ አዲስ አበባ እገባ ነበር።

ትምህርት ቤቱ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ የተከራያቸው ሁለት ክፍሎች ነበሩት። ካሜራው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። እንደ ታቦት በዓመት አንዴ ይወጣል እያልን እንቀልድ ነበር። ሲወጣም ወንዶቹ ይሻሙታል፤ እኛ ሴቶቹ ወረቀት ይዘን፣ በሚቀጥለው ቀረጻ እንዳይለወጥ፣ ተዋናይዋ በየትኛው ትከሻዋ ነጠላ እንደጣለች እንመዘግባለን። ያም ሆኖ ምንም አልተማርኩም ብል ውሸታም እሆናለሁ። ብርሃን ከየት ቢመጣ ፊት እንደሚያምር፣ መጥፎ ድምፅ ከመጥፎ ምስል ይልቅ ተመልካችን ቶሎ እንደሚያስመርር ያወቅኩት እዚያ ነው። አስተማሪያችን ደግሞ በየትምህርቱ መሃል ቆም ብሎ «እኔ የምፈልገው እውነት ነው» ይላል። እኛም አፋችንን ከፍተን እንሰማዋለን።

ለመመረቂያ ፊልም የእኔ ድርሰት ተመረጠ። አንድ ሽማግሌ ይሞትና ልጆቹ በመሬት ይጣላሉ። የለቅሶው ክፍል እኛ ግቢ እንዲቀረጽ አባቴ ፈቀደ፤ ድንኳኑን ደግሞ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ተሰማ ሊሰጡን ተስማሙ። እሳቸው ግን ደስ አላላቸውም። ጓሮ ይተከል፣ ከመንገድ እንዳይታይ፣ ለጎረቤትም አስቀድሞ ይነገር ብለው አስጠነቀቁ። አስተማሪያችን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቃል ገባላቸው።

ቀኑ በጥር ነበር፤ ሰማዩ ንጹሕ፣ ጠዋቱ ብርዳም። አባቴ ጥሩ ጊደር አለች ተብሎ ገና ሲነጋ ወደ ሱሉልታ ሄዷል። አስተማሪያችን ከነተማሪዎቹ ደረሰና ጓሮውን አንዴ ዞር ዞር ብሎ አይቶ ብርሃኑ አይሆንም አለ። ድንኳኑን አስነሥቶ ከበራችን ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር አስተከለው። ያንን ድንኳን ሰበታ ውስጥ የማያውቀው የለም፤ ጣራው ላይ ትልቅ ሰማያዊ መጣፊያ አለበት። ከሥሩ ጥቁር የለበሱ ሴት ተማሪዎች ተደርድረው ሲያለቅሱ ከመኪና ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ምን እንዲያስብ ነው?

ይህንኑ ነገርኩት። «ቲቸር፣ ሰው እውነት መስሎት ይመጣል» አልኩት።

«ቢመጣ ምን ቸገረን? የጎደለን እኮ ሰው ነው» አለኝ።

ይህን ቃል እስከዛሬ አልረሳሁትም። ሳያውቅ አጠፋ እንዳልል ያደረገኝ ይኸው ንግግሩ ነው። ሰውየው የእኛው አገር ሰው ነው፤ የእድር ድንኳን ምን እንደሆነ ከእኔ እኩል ያውቃል። አውቆ ነው ያስተከለው።

ሰውም መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጥኩ ፊልም ነው፣ ማንም አልሞተም እላለሁ። አንዳንዱ ሰድቦኝ ይወጣል፤ እሱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ካሜራው ያለማቋረጥ ይቀርጻል።

ከዚያ አንድ ሚኒባስ አስፋልቱ ላይ ጥጉን ያዘ። የአባቴ እህት አዳዳ ሙሉ ነበረች፤ በእኛ ቤት የአባት እህት አዳዳ ትባላለች። ተፍኪ ነው ያገባችው። ያን ቀን የሽምብራ እሸት ተሸክማ ወደ ሰበታ ገበያ ስትመጣ የወንድሟ በር ላይ የተተከለውን ድንኳን በመስኮት አየች። ወራጅ አለ ሳይሆን ኡኡታ ነው ያሰማችው። እሸቷን አስፋልቱ ላይ ጥላ «ያ ጉደታ! ያ ኦቦሌሳ ኮ!» እያለች፣ ወንድሜ ወንድሜ እያለች መጣች። ደረቷን ትመታለች፤ ፊቷን ትነጫለች። ድንኳኑ ሳትደርስ ወደቀች።

ሮጬ አቀፍኳት። «አዳዳ፣ አባዬ ደህና ነው። ሱሉልታ ሄዶ ነው» አልኳት።

ባሰባት። ለምን እንደባሰባት የገባኝ ቆይቶ ነው። በእኛ አገር መርዶ የሚጀመረው እንዲሁ ነው። ሰው ሲሞት ሞተ አይባልም፤ ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው፣ ራቅ ያለ ቦታ ሄዶ ነው ይባላል። ለአዳዳ እውነቱን በነገርኳት ቁጥር ወንድሟን እያረዳኋት ነበር።

ቀና ስል ካሜራው አጠገባችን ቆሟል፤ ወደ ፊቷ ተጠግቷል። «ከት! አቁሙ!» ብዬ ጮኽኩና ሌንሱን በመዳፌ ልሸፍን ተነሣሁ። አስተማሪያችን ክንዴን ይዞ ወደ ጎን አወጣኝ። ድምፁን እንኳን ከፍ አላደረገም።

«ከት የምለው እኔ ነኝ» አለኝ።

ካሜራ የያዘው ልጅ እኔንም እሱንም አየ። መቅረጹን ቀጠለ።

አባቴ ከሰዓት በኋላ ጊደሯን ከጭነት መኪና አውርዶ በገመድ እየሳበ መጣ። አዳዳ እንደ ዓይነ ስውር ፊቱን በሁለት እጇ ደባበሰችው፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ጺሙን። ሰው ሁሉ ትስቃለች ብሎ ጠበቀ። አልሳቀችም። እህል ውሃ ሳትቀምስ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ተፍኪ ተመለሰች። ጋሽ ተሰማ መጥተው ድንኳኑን በገዛ እጃቸው ፈቱት። እሸቷ መኪና ሄዶበት አስፋልቱ አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

በነጋታው አስተማሪውን ያ ካሴት ይጥፋ አልኩት። ለመንኩት፤ አለቀስኩም። «በሕይወትሽ እንዲህ ያለ ትወና አታገኚም» አለኝ። ትወና! የምርቃቱ ቀን አዳራሹ ውስጥ የአክስቴ ፊት ግድግዳውን ሞልቶ ሲያለቅስ ተመልካቹ አጨበጨበ። እሱም ተነሥቶ እጅ ነሣ። ስሜ ለሰርተፊኬት ሲጠራ ደረጃውን እየወረድኩ ነበር። አልተመለስኩም። ከዚያ ገመድ እየተሸከምኩ፣ መብራት እየያዝኩ ሥራውን ሥራ ላይ ተማርኩት። ሰርተፊኬትሽ የታለ ያለኝ ሰው እስከዛሬ የለም፤ ሁሉም የሚለው የሠራሽውን አሳዪን ነው።

ንዴቴ በዚያ ቢያበቃ ይሻለኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ አባቴ የእውነት ሞተ። ተፍኪ ሊያረዷት የሄዱትን ሽማግሌዎች አዳዳ ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ ብላ በሯን ዘጋችባቸው። ቢቸግራቸው ደወሉልኝና ስልኩን በመስኮት አቀበሏት። አባዬ አርፏል አልኳት።

«ልጄ፣ እውነትሽን ነው ወይስ ለትምህርት ነው?» አለችኝ።

እውነቴን ነው አልኳት። መጣች። ከዚያው ሰማያዊ መጣፊያ ካለበት ድንኳን ሥር ተቀምጣ ማዕዘን ማዕዘኑን ስታይ ዋለች፤ ካሜራ እየፈለገች ነበር። አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም። ለወንድሟ የሚሆነውን ያ ሰው አስቀድሞ ወስዶባታል።

ይህን ለሌንሳ ነገርኳት። ስልኳን ምንጣፉ ላይ በፊቱ ደፋችው። ውጭ የቡራዩ ሚኒባሶች ረዳቶች ይጣራሉ።

«ታዲያ አልመዝገብ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ተመዝገቢ አልኳት። ካሜራ መያዝ ትማሪያለሽ፣ ብርሃን ታውቂያለሽ፣ አብረውሽ የሚሠሩ ጓደኞችም ታገኚያለሽ፤ ወረቀቱን ግን ማንም አይጠይቅሽም። ለእናትሽም እኔ እነግራታለሁ፤ ግን መጀመሪያ አብሬሽ ልሂድ አልኳት። ያንን የማስታወቂያውን ባለመነጽር አንድ ነገር ልጠይቀው እፈልጋለሁ፤ አንዲት ተማሪህ እየጮኸች ከት ብትልህ ምን ታደርጋለህ ብዬ። መልሱንም መነጽሩን አውልቆ እንዲነግረኝ ነው።