ጋሽ ሃሎ እና የማይንቀሳቀሰው አውቶብስ

ጋሽ ሃሎ ሰላሳ ስምንት ዓመት የስልክ መስመር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ግቢያችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። በሥራ ዘመናቸው ምሰሶ ላይ ተንጠልጥለው «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲሉ ስለሚውሉ ስሙ እዚያው ወጣላቸው፤ ሲወርዱም አብሯቸው ወረደ። የራሳቸውን ሬዲዮ ሦስት ጊዜ ፈትተው ሦስቴም ሳይሠራላቸው ቀርቷል። ሰው በማዳመጥ ግን የሚደርስባቸው የለም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት በታደለበት ቀን ሳልገኝ የቀረሁ ሰው ነኝ።

ክፍሎቻችንን የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። እሑድ እሑድ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ የአውቶብስ መንዳት ጌም እየተጫወትኩ በቀጥታ አስተላልፋለሁ። በሥራ ቀን ማተሚያ ቤት ወረቀት እቆርጣለሁ፤ የእውነት መሪ ጨብጬ አላውቅም። ተመልካቾቼ ቢበዙ ስልሳ ናቸው። ከስልሳዎቹ አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነው።

አባታችን ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። ክሬን ይነዳል፤ የሚኖረውም ከከተማ ርቆ ተራራ ሥር ባለ የግንባታ ካምፕ ነው። ጌሙን ያስለመደኝም እሱ ነው። ልጆች ሳለን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር እየተጋፋን፣ ተራራውን ዞሮ ወደቡ ድረስ የሚወስደውን ረጅሙን መስመር ለመጨረስ ስንት ጊዜ ሞክረን ስንት ጊዜ ገደል ገብተናል! አንድም ቀን አልደረስንም። አሁን የምንገናኘው በእሑዷ ሰዓት ብቻ ነው። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ በስልኩ እያየ ከሥር ይጽፍልኛል።

አንድ ቀን ደወለ።

«እታለም፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ዋሻ ወደሚቆፈርበት ሳይት ሊያዛውሩኝ ነው። እዚያ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም አሉ።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«እስኪያልቅ ነዋ። ዓመት፣ ዓመት ተኩል። ምንም አይደል።»

ወንድሜ ሁሉን ነገር ሆድ ይፍጀው የሚል ነው። እግሩ ላይ ብረት ወድቆ እንኳ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ናት» ያለ ሰው ነው። ስልኩን እንደዘጋሁ ወሰንኩ። ከመሄዱ በፊት ያንን መስመር እስከ ወደቡ ነድቼ አሳየዋለሁ።

ለወንድሜ የሚመጥን ምስል መሆን አለበት ብዬ ጥራቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት። የአውቶብሱ መስታወት ላይ ያለው አቧራ ሳይቀር ይታይ ነበር። በዚያው እሑድ ተመልካቾቼ መጮህ ጀመሩ። «ቆመ!»፣ «ክቧ ብቻ ናት የምትሽከረከረው!»፣ «ኧረ አውቶብሱ ከተነሳበት አልተንቀሳቀሰም!» ዋይፋዩን ትቼ ኮምፒውተሩን በገመድ አገናኘሁት። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። የኢንተርኔቱን ፍጥነት ለካሁ፤ ከበቂ በላይ ነው። የማሰራጫው ፕሮግራም ሳይላክ የቀረ ምስል ካለ ይቆጥራል፤ እሱም ዜሮ ይላል። ሥራው ሁሉ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ። በመጨረሻ ወንድሜን ጠየቅሁት። «ጥሩ ነው፣ ያምራል» ብሎ ጻፈ።

በቃ! ተራራ ሥር ያለው እያየ፣ ከተማ መሃል ያለው ምን ሆኖ ነው? ዓይኔን በጨው አጥቤ «ችግሩ ከእናንተ ስልክ ነው» አልኳቸው። በሁለተኛው እሑድ ከስልሳው አሥራ አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

ያን ቀን ኪቦርዱን ወርውሬ ከግድግዳው ጋር አጋጨሁት። ወዲያው በሬ ተንኳኳ።

«ልጄ፣ ግድግዳችን ምን አጠፋ?» አሉ ጋሽ ሃሎ።

እያጉረመረምኩ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አዳመጡኝና «የሚቋረጠው ሁሉም ጋ ነው ወይስ አንዳንዱ ጋ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትጠግኚው?»

«ጋሽ ሃሎ፣ ይሄ እኮ የድሮ ስልክ አይደለም።»

«አይደለም» አሉ ሳይቀየሙ። «ግን ላኪም ተቀባይም አለው። እኛ ደዋዩ ቤት ተቀምጠን መስመር ጠግነን አናውቅም። ሰሚው ዘንድ ሄደን ነው የምናዳምጠው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።»

ረቡዕ ከሥራ እንደወጣሁ ለሙከራ ማስተላለፍ ጀመርኩ። ወንድሜም ገባ። ጋሽ ሃሎ ያችን ስክሪኗ የተሰነጠቀ ስልካቸውንና አንድ ደብተር ይዘው ወጡ። መጀመሪያ ፀጉር ቤት፣ ከዚያ መናኸሪያ፣ ከዚያ ኔትወርክ እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ የሚጠፋበት የእህታቸው ጓዳ ውስጥ ተቀምጠው ሲመለከቱ አመሹ። ሲመለሱ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። እኔ እንኳን ላዝንላቸው፣ ለምን ዘገዩ ብዬ ተቆጥቼ ነበር።

መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን አነበቡልኝ። «ፀጉር ቤት፣ አንዴም አልቆመም። መናኸሪያ፣ አሥራ አራት ጊዜ ቆመ። እህቴ ጓዳ፣ እሱን ተይው። ስልኩ ያው አንድ ስልክ ነው። መንገዱ ሰፊ የሆነበት ያልፋል፣ የጠበበበት ይቆማል። ልጄ፣ ጭነት አብዝተሻል።»

የማስተላልፍበት ድርጅት ገጽ ላይ ገብቼ ሳነብ እውነታቸውን ነው። ድርጅቱ ትልልቅ ቻናሎችን ለደካማ ኔትወርክ የሚሆን ቀለል ያለ ምስል ያዘጋጅላቸዋል፤ እንደኔ ያለው ትንሽ ቻናል ግን የላከው እንዳለ ነው የሚደርሰው። አቧራውን ላሳይ ብዬ መንገዱን ዘግቼባቸው ኖሯል።

«ሌላም አለ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፀጉር ቤት ሆኜ ሳይሽ ቦይ ውስጥ ገባሽ። አምስት ደቂቃ ሙሉ ጎማው በባዶ ሲሽከረከር ነበር። በዚያ መሃል ወንድምሽ ሦስት ጊዜ ጽፏል። እንኪ እዪው፦ ‹ጥሩ እየሄድሽ ነው። እንዴት ያለ ኩርባ! ጎበዝ።›»

እጄን በአፌ ጫንኩ።

«የሚጮኸውን ደንበኛ አመስግኚው» አሉ ጋሽ ሃሎ። «‹ደህና ነው› የሚልሽን ግን ቤቱ ድረስ ሂጂ።»

ወንድሜ እኔ እንዳይከፋኝ ብሎ በየሳምንቱ የቆመ ምስል ላይ አፍጥጦ ሲያሞግሰኝ ኖሯል። እኔ ደግሞ እሱኑ ምስክር አድርጌ ሌላውን ሰው ሰድቤበታለሁ። በጣም አፈርኩ። ልደውልለት ስልኬን ሳነሳ ጋሽ ሃሎ እጄን ያዙኝ።

«አትጠይቂው። ብትጠይቂው ጥሩ ነው ይልሻል። ጠግኚና አድምጪ።»

በማግስቱ ተመልሰው እህታቸው ጓዳ ገቡ። እኔ የምልከውን እየቀነስኩ፣ እሳቸው እየደወሉ፦

«ሃሎ፣ ቆመ።»

ቀነስኩ።

«ሃሎ፣ አሁንም ቆመ።»

ደግሜ ቀነስኩ። ከግማሽ በታች ስደርስ አቧራው ጠፋ፣ የመንገዱ ምልክቶችም ደብዘዝ አሉ። አላማረኝም።

«ሃሎ … ሄደ። ልጄ፣ አውቶብስሽ ሄደ!»

በመጨረሻው እሑድ ተመልካቾቼን ይቅርታ ጠይቄ ተነሳሁ። ጋሽ ሃሎ ማንም ሳይልካቸው እዚያው ጓዳ ገብተው ተቀምጠዋል። ወንድሜ ገባ። «ጥሩ ነው» ብሎ ጻፈ። መንዳቴን ቀጠልኩ። አሥር ደቂቃ አለፈ። ዳገቱን ስጀምር ግን መልእክቱ መጣ።

«ኧረ ማርሽ ቀይሪ! ሞተሩን ልትገድዪው ነው?»

ቀየርኩ።

«ግራ መስታወትሽን እዪ! አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ያው ነሽ! ማን ነው መንጃ ፈቃድ የሰጠሽ?»

እያለቀስኩ ነዳሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ስድብ ሰምቼ አላውቅም። ልጆች ሳለን ገደል የምንገባባት ኩርባ ላይ ስደርስ «ፍሬን! ፍሬን! ቀስ!» እያለ ስክሪኑን ሞላው፤ ፍሬን ያዝኩ፣ ታጠፍኩ፣ አለፍኩ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ወደቡ ታየ። አውቶብሱን አቁሜ በሩን ከፈትኩ።

«ደረስን» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ደግሞ፦ «እታለም፣ ያለፉት ሳምንታት ምንም አይታየኝም ነበር። ከፍቶኝ ነበር።»

ወንድሜ ከፋኝ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ስልኬ ጮኸ፤ ጋሽ ሃሎ ናቸው። አነሳሁት፤ ዓይኔ ግን ገና ወንድሜ የጻፈው ላይ ነበር።

«ሃሎ? ሃሎ? ልጄ፣ ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም፣ ጋሽ ሃሎ» አልኳቸው። «ደርሶታል። እድሜ ይስጥልኝ።»