የዜብራው ሽማግሌ

ኦኩዳ ተማሪ ለማሻገር ቢጫ ባንዲራ ይዘው ዜብራው ላይ መቆም የጀመሩት ጡረታ በወጡ ሰሞን ነው። ዕድሜ ልካቸውን የእርሻ ማሽን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቁጭ ብሎ መዋል አያውቁበትም። ሚስታቸው ፉሚኤ፣ «ቤት ተቀምጠው እኔን ከሚያዙ፣ ወጥተው መኪና ይዘዙ» ብለው ገፍተው እንዳስወጧቸው ይወራል።

የዚያች ተራራ ሥር መንደር ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእግራቸው ነው። ቢዘንብም በእግር፣ በረዶ ቢወርድም በእግር። ትልቁ ከፊት፣ ትንንሾቹ መሀል፣ ተከታዩ ትልቅ ከኋላ ሆኖ፣ ቢጫ ቆብ አጥልቀው በሩዝ ማሳው ዳር ይሰለፋሉ። እናት ከደጇ ትሸኛለች እንጂ አትከተልም። የስድስት ዓመቱ ልጅ ከእናቱ እጅ ወጥቶ በአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እጅ የሚገባው እዚያ መንገድ ላይ ነው። ትልቁም ያለቀሰውን ያባብላል፣ የተፈታ የጫማ ክር ያስራል፣ እንቁራሪት ሊይዝ ማሳ ውስጥ የገባውን ጎትቶ ያወጣል። ሰው ኃላፊነት የሚማርበት ከዚህ የተሻለ ቦታ ካለ እኔ አላየሁም።

መንደሩን አቋርጦ የሚያልፈው አስፋልት አንድ ብቻ ነው፤ ግንድ የጫኑ መኪኖች ከተራራው ይወርዱበታል። ኦኩዳ የሚቆሙት እዚያ ነበር። ልጆቹ «የባንዲራው አያት» ይሏቸዋል። ሳቂታ ሰው ቢሆኑም በአንድ ነገር ቀልድ አያውቁም። ተሻግሮ ያበቃ ልጅ ዞሮ ለቆመለት ሹፌር ማጎንበሱ በአገሩ ሁሉ ያለ ልማድ ነው፤ እሳቸው ግን አጠበቁት። አንገትን ነቅነቅ አድርጎ መሮጥ የለም። ቆብ ይወልቃል፣ ወገብ ይታጠፋል፣ ሹፌሩም ማየቱ ይረጋገጣል። «የተመሰገነ ሹፌር ነገም ይቆማል» ይሉ ነበር። እውነትም የግንድ መኪኖቹ ቢጫ ቆብ ገና ከሩቅ ሲያዩ ፍሬን መያዝ ለመዱ።

ከሰልፉ መጨረሻ ሆኖ ስለ ሁሉም የሚያመሰግነው ኬይጎ ነበር፤ የፀጉር ሠሪዋ የቺዙሩ ልጅ። ቀጫጫና ቀልደኛ ነው። ንፋስ በበረታ ቀን «አያታችን፣ ባንዲራውን እርስዎ ነዎት የያዙት ወይስ እሱ ነው እርስዎን የያዘው?» እያለ ያስቃቸዋል። በመጪው ሚያዝያ፣ አዲሱ የትምህርት ዓመት ሲጀመር፣ ከፊት ሆኖ የመምራት ተራው ይደርሰዋል። ይህን ያልነገረው ሰው አልነበረም።

በኅዳር አንድ ጠዋት ካፊያ ነበር። የግንድ መኪናው ቆመ፣ ልጆቹ ተሻገሩ፣ ኦኩዳም ባንዲራቸውን ዝቅ አድርገው ዞር አሉ። ኬይጎ ዳር ከወጣ በኋላ አንድ እርምጃ ወደ አስፋልቱ ተመለሰ፤ መኪናው ከፍ ያለ ስለሆነ ሹፌሩ እንዲያየው ብሎ ነው። ቆቡን አወለቀና ወገቡን አጠፈ። ከግንድ መኪናው ኋላ መጠበቅ የታከታት አንዲት የቤት መኪና ልትቀድም ወጣች። ልጁ ቀና ሳይል ገጨችው። ሆስፒታልም አልደረሰ።

ፖሊስ ጥፋቱ የቤት መኪናው ሹፌር ነው አለ፤ ልክ ነው። ኦኩዳን ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። እንዲያውም በቀብሩ ዕለት ቺዙሩ ፊታቸው ቀርባ «ልጄን ይንከባከቡልኝ ስለነበር አመሰግናለሁ» ብላ እጅ ነሳች። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው እንዲህ ያለውን ዝምታ አልቀመሰውም። ሽማግሌው የሚወቅሳቸው አጥተው ከሱ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ልጁን በመኪና ያደርስ ጀመር። ጎረቤታሞች ተከታትለው እየነዱ፣ ትናንት ተያይዘው የሄዱ ልጆች በመስኮት ይተያያሉ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር በየስብሰባው ልጆቻችሁን በእግር ላኩ ይላል፤ ወላጅ ራሱን በእሺታ ይነቀንቅና በማግስቱ የመኪናውን ቁልፍ ያነሳል። ፍርሃት ነው፤ በፍርሃት ደግሞ አይፈረድም። ኦኩዳ ግን ባዶ ዜብራ ላይ መቆማቸውን አልተዉም። ኬይጎ ሊመራው የነበረው ሰልፍ አብሮት መቀበሩን ሆዳቸው እንቢ አለ።

የበረዶው ወራት ሲያልቅ በየቤቱ እየዞሩ ልጆቹ በእግር እንዲላኩ መለመን ጀመሩ። የሁሉም መልስ አንድ ነበር፤ ቺዙሩ ከላከች እኛም እንልካለን። የኬይጎ እህት ኮሀሩ በሚያዝያ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ኦኩዳ የቺዙሩን ደጅ ከቀብሩ ወዲህ አልረገጡም ነበር። ፉሚኤም «ይቅርብዎ፣ የሴትዮዋን ቁስል አይነካኩ» አሏቸው። ሄዱ።

በፀጉር ቤቱ በር ሲገቡ ቺዙሩ ሊቆረጡ የመጡ መስሏት ወንበሩን አዞረችላቸው። እሳቸውም እንቢ ማለት አፍረው ተቀመጡ። ፀጉራቸውን ማበጠር ስትጀምር የመጡበትን በመስታወቱ ውስጥ እያዩዋት ተናገሩ። ቺዙሩ ማበጠሪያውን አቆመች።

«ኮሀሩን በእግሯ ልልካት አስቤ ነበር» አለች። «ወንድሜ በሄደበት ካልሄድኩ ብላ አስቸግራኛለች።»

ኦኩዳ ሊያመሰግኗት ወደ እሷ ዞሩ።

«አንድ ነገር ግን ልለምንዎት አቶ ኦኩዳ። ባንዲራውን ለኔ ይስጡኝ። እኔ እቆማለሁ።»

«እኔ ደግሞ ከማዶ እቆማለሁ። ሁለት ስንሆን ይሻላል።»

«አይሆንም።» ድምጿ ከፍ አላለም። «ኬይጎ ማታ ማታ እዚሁ መስታወት ፊት ይለማመድ ነበር። ዝቅ በል፣ ዝቅ በል፣ አያታችን ወገብ ድረስ ነው ያሉት ይላል ለራሱ። እኔም ጎበዝ እለው ነበር። ጥፋቱ የእርስዎ ነው እያልኩ አይደለም። ግን እርስዎን ባየሁ ቁጥር ልጄ ያጎነብሳል፤ ቀና አይልልኝም። ልጆቹ በእግራቸው ይሂዱ። ጠዋት ጠዋት እርስዎን አልይ።»

ኦኩዳ እሺ አሉ። እሷም ፀጉራቸውን ጨርሳ፣ ትከሻቸውን አራግፋ ሸኘቻቸው። ባንዲራውን በማግስቱ ፉሚኤ አደረሱላት።

ትምህርት በተከፈተ ዕለት ኦኩዳ እንደ ልማዳቸው ማልደው ተነስተው ለበሱ። ቤታቸው ከዜብራው ቅርብ ነው፤ ደጅ ከወጡ ባንዲራ ይዛ የቆመችው ቺዙሩ ታያቸዋለች። ስለዚህ በሩን ዘግተው ከውስጥ ተቀመጡ። ፉሚኤ ውጭ ቆመው ያዩትን በበሩ ስንጥቅ ይነግሯቸው ጀመር። ሁሉም ልጆች መጥተዋል፤ የቀረ የለም።

«ኮሀሩስ?» አሉ ኦኩዳ።

«አለች። ቦርሳው ከሷ ይበልጣል።»

ከአስፋልቱ የፍሬን ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ «እናመሰግናለን!» የሚል የልጆች ጩኸት። ኦኩዳ ሳይታወቃቸው ከመቀመጫቸው ተነስተው የበሩን እጀታ ያዙ። በሩ ግን አልከፈት አለ። ፉሚኤ ከውጭ በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ገና አላለፉም» አሉ ቀስ ብለው። «ትንሽ ይታገሱ።»