ጠይባ እንሰት የፋቀች ዕለት

ጠይባ ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ወዲህ ከመስቃን ገጠር ቡታጅራ ለእጥበት ትመላለሳለች። ደሟ ደረቷ ላይ በተተከለ ቱቦ ወጥቶ፣ በማሽን ታጥቦ ይመለስላታል። ቱቦው እስከሠራ ድረስ፣ አላህ ካለ፣ ትኖራለች።

የሰፈሩ ሴቶች በተራ እየተረዳዱ እንሰት ይፍቃሉ። በዚያ ሳምንት ተራው የእርሷ ጓሮ ደረሰ። የአጥር ጎረቤቷ ዘይባ ገና ስትገባ፣ «ዛሬ ሙሽራ ነሽ፤ ተቀምጠሽ እዘዢን!» አለቻት።

ጠይባ ግን ሰው እየለፋላት እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አልሆነላትም። አንድ ብቻ ብላ ዘንበል ካለው ሳንቃ ፊት ተቀመጠች። የእንሰቱን ቅርፊት በእግሯ ደግፋ፣ መፋቂያውን ይዛ ክንዷን ወደ ታች እየሳበች ፋቀች። አንዱ ሌላውን አስከተለ። ደረቷ ላይ የሆነ ነገር ጎተታት። በኋላ ስታየው ፕላስተሩ ተነስቷል፤ በላዩ ሌላ ለጠፈችበት።

በቀጠሮዋ ቀን ትንፋሽ አጥሯት ደረሰች። ነርሷ እየሩስ ቱቦውን ከማሽኑ ጋር ብታገናኘው ደም አልሳብ አለ፤ ማሽኑ ይጮሃል። አንገቷን አዞረቻት፣ አስሳለቻት፣ የታጠፈ ቦታ ፈለገች። ምንም የለም።

«እትዬ ጠይባ፣ ምን ነካው?»

«እንጃ ልጄ፤ ተኝቼበት ይሆናል።»

እየሩስ ፕላስተሩን አነሳችው። ከቆዳ ሥር ሆኖ ቱቦውን የሚይዘው ነጭ ቀለበት ውጭ ወጥቷል።

«ይሄ ተኝተውበት አይወጣም።»

«እንሰት ፋቅሁ» አለች ጠይባ ዓይኗን ሰብራ። «በአላህ፣ መልሰሽ ግፊው።»

«አልገፋውም። ውጭ የዋለውን ደምዎ ውስጥ ብከተው ከኩላሊትዎ ቀድሞ እሱ ይገድልዎታል።»

ሐኪሙ ተጠራ። ቱቦውን ባለበት በክር አሰረው። ማሽኑ ፍጥነቱ ተቀንሶ በዝግታ እየሳበ፣ መንገድ የሚያስችላትን ያህል ታጠበች። በማግስቱ አዲስ አበባ ሄዳ ተቀየረላት። አልሐምዱሊላህ፣ አዲሱ ደህና ይስባል።

የዘይባ ተራ ሲደርስ ጠይባ ቤቷ ቀረች፤ የሰው ጉልበት ወስዳ አለመመለሷ አሳፍሯታል። ዘይባ በአጥሩ ላይ ተጣራች።

«አንቺ ጠይባ! እጅሽን ማን ፈለገው? ወሬሽ ነው የቀረብን!»

ሄደች። ከፋቂዎቹ ራቅ አድርገው አስቀመጧት፣ የምሳውን ጎመንም ሰጧት።

«ደቀቅ አድርጊው» አለች ዘይባ፤ «ዛሬ እኔ ነኝ የማዝዝ።»

ጠይባ ቢላዋውን አነሳችና የአዲስ አበባውን ወሬ ከመነሻው ጀመረች።