እስከ ታች መስታወት የሆነው በር

በር የመትከል ሥራ የጀመርኩት ዓረብ አገር፣ አል ሻምኻ በሚባል ሰፈር፣ አዲስ ቪላ ደጃፍ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የሆቴል ጥገና ክፍል ውስጥ አምፖልና ቁልፍ እቀይር ነበር። የአቧራ በር ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። ከእንጨቱ በር ፊት ለፊት የሚተከል፣ አሸዋና ሙቀትን ውጭ የሚያስቀር ሁለተኛ በር ነው።

ፎርማኑ ጋሽ ሙሉጌታ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። ማጠፊያውን በቀኝ በኩል ላስር ስል እጄን ያዙኝ።

"ነፋሱ ከየት ነው የሚመጣው?"

"ከግራ መሰለኝ።"

"እንግዲያው ማጠፊያው በግራ ይሁን። አለዚያ አንድ ቀን በሩን ከሰው እጅ ነጥቆ ከግድግዳ ጋር ያላትመዋል።"

ቱምቢ መጣል፣ ግንቡን ሳያፈርሱ መብሳት፣ የበሩን ጎማ ሳይለጥጡ ማልበስ ከእሳቸው ተማርኩ። ተለጥጦ የገባ ጎማ ሙቀት ሲመታው ይሰበሰብና ጥግ ላይ ክፍተት ይተዋል።

ኮሮና ሲመጣ ጋሽ ሙሉጌታ አገር ቤት ገቡ፤ የአል ዓይን ከተማ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። እዚያው ከተማ፣ አል ሙዋይጂ ሰፈር የሚኖር ዳዊት የሚባል ሐበሻ በር እንድተክልለት ደወለልኝ። ባለቤቱ ሲስተር ትዕግሥት ነርስ ናት፤ የኮሮና ሕሙማንን ታክማለች። ቤተሰቧን እንዳታስይዝ ብላ ግቢው ውስጥ ካለችው ክፍል ብቻዋን ታድር ነበር።

እንደ ልማዴ ሜትሬን አውጥቼ ደጃፉን ለካሁ። ትዕግሥት ማስኳን እንዳደረገች ግቢው ጫፍ ቆማለች።

"እትዬ፣ ግቢው አቧራ ይበዛበታል እንዴ?" አልኳት።

"አቧራውንስ ለምደነዋል። ማክዳ ድምፄን ስትሰማ በሩን ከፍታ ወደ እኔ ትሮጣለች። እኔ ደግሞ ከልጄ እሸሻለሁ።" እጇን ከጉልበቷ ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ "ይህችን ታክላለች" አለችኝ።

ስቶር ያለው በር ከወገብ በታች አሉሚኒየም ነበር። ወዲያው ለድርጅታችን ኃላፊ፣ ለሙዲሩ ደወልኩ።

"ያለውን ትከልና ውጣ፣ ኸላስ፣ በቃ!" አለኝ።

"ልጅቷ ቆርቆሮ ልታይ ነው እንዴ?"

"ለአቧራ ምን ለውጥ አለው?"

"በሩን የፈለጉት ለአቧራ አይደለም፣ ሙዲር።"

ነገሩን ሳስረዳው፣ "እንደፈለግክ አድርግ። ግን ሠራተኛ የለኝም፣ ብቻህን ነህ" አለኝ።

ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ መስታወት አሠራሁ። ስለከበደ ማጠፊያ ጨመርኩለት። መቆለፊያውን ልጅቷ የማትደርስበት ከፍታ ላይ አሰርኩት። ሲተከል ዳዊት በአንድ ወገን ያዘልኝ። ጎማው ዙሪያውን መግጠሙን ወረቀት እያስገባሁ ሞከርኩ፤ ስስበው የትም ቦታ በቀላሉ አልወጣም።

ትዕግሥት ከሥራ ስትመለስ ዳዊት የእንጨቱን በር ከፈተው። ማክዳ ሮጣ መጥታ መስታወቱ ላይ ተለጠፈች።

"ማሚ፣ ካም ኢን!"

"ገና ነው፣ የኔ ማር። ግን አልሄድም፣ እዚሁ ነኝ።"

ትዕግሥት ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። ማክዳም ከውስጥ ቁጭ አለች። ዳዊት ለሁለቱም ምሳ በየወገናቸው አቀረበ፤ መስታወቱን መሐል አድርገው በሉ። መሣሪያዬን የምሰበስብ መስዬ አጎንብሼ እንባዬን ጠረግኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ትላልቅ በሮች ተክያለሁ፣ ለሀብታም ቪላም ጭምር። ኮርቼ ሥራዬ ነው የምለው ግን ያንን ነው።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው ይህንን ነው፦ ሜትር ከማውጣታችሁ በፊት ደንበኛው በሩን ለምን እንደፈለገው ጠይቁት።