በቀቀኖቹና የጋሽ ደመቀ እርሳስ

ፎቶ ቤት ሥራ በጀመርኩበት ቀን ካሜራ የሚሰጠኝ መስሎኝ ነበር። የተሰጠኝ ማበጠሪያ ነው። የቤቱ ባለቤት ጋሽ ደመቀ ከመስተዋቱ አጠገብ አቁመውኝ፣ «ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ ይህን ስጪው። ሰው ራሱን ሳያይ ካሜራ ፊት ቢቀመጥ ፊቱ እሺ አይልም» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ማበጠሪያ ሳቀብልና ለጉርድ ፎቶ የመጡ ወንዶች የሚዋዋሷትን አንዲት ጥቁር ኮት ሳለብስና ሳወልቅ ዋልኩ። ያቺ ኮት የፒያሳን ወንድ ሁሉ ላብ ታውቃለች።

የጋሽ ደመቀ ዋና ሞያ ግን ማንሣት አልነበረም፤ እርሳስ ነበር። በፊልሙ ዘመን ኔጋቲቩን ከሥሩ መብራት በሚያልፍበት መስታወት ላይ ያስቀምጡና በሾለ እርሳስ ጠባሳ ያጠፋሉ፣ ብጉር ያነሣሉ፣ የታከተውን ዓይን ያሳርፋሉ። «ከዚህ ቤት ማንም እንከኑን ይዞ አይወጣም» ይላሉ። እርሳሱ የሚያርፈው በራሱ በኔጋቲቩ ላይ ስለሆነ ወደኋላ መመለስ የሚባል ነገር የለም።

ኮምፒውተር ሲመጣ እርሳሱን በማውስ ቀየሩት። ልማዳቸውን ግን አልቀየሩም። አሳምረው የጨረሱትን ፎቶ እዚያው በዋናው ላይ ያስቀምጡታል፤ ዋናው ይጠፋል። «ዋናውን ለይተን ብናስቀምጥስ?» ስላቸው፣ «ያማረው እያለ ያላማረውን ማን ይጠይቅሻል?» ይሉኝ ነበር።

ቀስ በቀስ ካሜራው እጄ ገባ። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና አነሣሁ። የሚያለቅስ ሕፃን፣ የማይስቅ ሙሽራ ሁሉ ለምጃለሁ። ክንፍ ያለው ደንበኛ ግን አልገጠመኝም ነበር፤ እማማ ዘውዴ እስኪመጡ ድረስ።

እማማ ዘውዴ ለፒያሳ ፔንሲዮኖች አንሶላ እያጠቡ ዶሮ ማነቂያ ሠፈር የኖሩ ሴት ናቸው። አንድ ሰኞ መጡና እኔ እንደ ወጉ ማበጠሪያውን ሳቀርብላቸው ሣቁብኝ።

«እኔን ምን ታደርጊኛለሽ፣ ልጄ? በቀቀኖቼን ነው የምታነሺልኝ።»

ሠፈራቸው ሊነሣ ነው። ቅዳሜ ዕቃቸውን ጭነው ከተማው ዳር ካለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ይገባሉ። ከቤታቸው ኋላ ወደ ወንዙ የሚወርድ፣ ለቤት መሥሪያ የማይመች ሣራማ ተዳፋት አለ። ጠዋት ጠዋት አንድ ጥንድ በቀቀን እዚያው ካለ አንድ ጽድ ላይ ወርደው የሣሩን ፍሬ ይለቅማሉ።

«ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደምን አደራችሁ የምላቸው እነሱን ነው» አሉ። «አራተኛ ፎቅ ላይ ሣር የለ። ግድግዳዬ ላይ እንኳ ይኑሩልኝ።»

በማግስቱ ለሰርግ የምንጠቀምበትን ረጅም ሌንስ ይዤ ሄድኩ። በቀቀኖቹ ሲወርዱ የለመደ እጄ ፍላሹን አበራው። እንኳን በቀቀኖቹ የጎረቤት ዶሮም አልቀረችልኝ።

እማማ ዘውዴ አልተቆጡም። «ፎቶ አንሺ መሆንሽን አወቁብሽ» አሉ። «እነሱ የሚያምኑት ልብስ የሚያሰጣ ሰው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያዩ የኖሩት አንሶላ ነዋ!» ከዚያ ሽርጣቸውን አስታጠቁኝና እርጥብ አንሶላ እንዳሰጣ አዘዙኝ። እኔም አስጥቼ ስጨርስ በሁለት አንሶላ መካከል ቁጭ ብዬ ሌንሱን በክፍተቱ አወጣሁ። ስቱዲዮ ውስጥ መጋረጃው ከሚነሣው ሰው ኋላ ነው የሚሰቀለው። እዚህ ከእኔ ፊት ተሰቀለ።

መጡ። ጭራቸው አጠር፣ ምንቃራቸው ቀይ፣ አካላቸው አረንጓዴ። «ግንባሩ ቀይ የሆነው ባልየው ነው» አሉ እማማ ዘውዴ በሹክሹክታ። «ሚስትየዋ ግንባሯም አረንጓዴ ነው። እሱ ቀድሞ ይወርዳል፣ እሷ አይታ ትከተላለች።» እንዳሉትም ሆነ። እሱ አንዱን የሣር ዘለላ በእግሩ ረግጦ ሲይዝ እሷ መጥታ ፍሬውን በላችበት። ፒያሳ ተወልጄ አድጌ፣ እንዲህ ያሉ ወፎች ከጊዮርጊስ ዛፎች ላይ እየጮኹ ሲያልፉ ስንቴ ሰምቼ ቀና ብዬ አላውቅም። ወደድኳቸው። አነሣኋቸው።

ሐሙስ ምርቃት የማነሣበት ቀን ስለነበር ፎቶውን አትመው ፍሬም እንዲያስገቡት ለጋሽ ደመቀ ትቼ ሄድኩ። ዓርብ እማማ ዘውዴ ሲመጡ ጋሽ ደመቀ ፍሬሙን በሁለት እጃቸው ይዘው ከባንኮኒው ኋላ ወጡ። እንዲያ ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም።

ፎቶው ያምራል። የደረቀው ሣር ለምልሟል። ጥግ ላይ የነበረው የዛገ ቆርቆሮ የለም። የልብስ ገመዱም የለም። ሁለቱም በቀቀኖች ግንባራቸው ቀይ ነው።

እማማ ዘውዴ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «የማን ደጅ ነው?»

ጋሽ ደመቀ የፍሬሙን መስታወት በእጅጌያቸው ወለወሉ።

«ሚስትየዋንስ ምን አደረግሃት፣ ደመቀ? ሁለት ባል ነው እኮ የሰጠኸኝ!»

«ቀለሟ የለቀቀ መስሎኝ ነው፣ እትዬ ዘውዴ።»

ዋናውን ለማውጣት ወደ ኮምፒውተሩ ስሄድ ጋሽ ደመቀ ክንዴን ያዙኝ። ዋናው የለም። እንደ ልማዳቸው በላዩ ላይ አስቀምጠውበታል። የካሜራውንም ካርድ ለምርቃቱ ባዶ አድርገው ሰጥተውኛል። እማማ ዘውዴ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «ይሁን፣ አልተጻፈልኝም» ብለው ወጡ። ፍሬሙን ባንኮኒው ላይ ትተውት ነው የሄዱት።

ቅዳሜ ጠዋት ካሜራዬን ይዤ ወደ እማማ ዘውዴ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ደመቀ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል። ዕቃው አይሱዙ መኪና ላይ ተጭኖ አልቋል። የልብስ ገመዱ ራቁቱን ነው። በቀቀኖቹ ጽዱ ላይ ሆነው ይጮኻሉ፣ መኪናውንና የተሰበሰበውን ሰው እያዩ ግን አይወርዱም።

«ልብስ ካልተሰጣ አይመጡም» አሉ እማማ ዘውዴ። ከዚያ ወደ መኪናው ዞረው፣ «ያንን ትልቁን ጥቅል አውርዱልኝ!» አሉ።

ሾፌሩ ጭንቅላቱን በመስኮት አወጣ። «ማዘር፣ ደረቅ ልብስ እኮ ነው! ምኑ ነው የሚሰጣው?»

«ፀሐይ ይምታው!»

ጥቅሉን ለማውረድ መኪናው ላይ የወጡት ጋሽ ደመቀ ናቸው፤ ከነሱፋቸው። ፈቱትና ማስጣት ጀመሩ። ብርድ ልብሱን በቁመቱ አንጠለጠሉት፣ መቆንጠጫውን በአንድ ጫፍ ብቻ ሰኩት።

«ኧረ ደመቀ፣ እንዲህ ተደርጎ አይሰጣም! ይህን አይቶ እንኳን በቀቀን ጅብም አይቀርብ» ብለው እማማ ዘውዴ ከእጃቸው ቀሟቸው። ከዓርብ ወዲህ ሲያናግሯቸው ይህ የመጀመሪያው ነው። ጋሽ ደመቀ ፊታቸው ፈካ።

በብርድ ልብሱና በአንድ አሮጌ ጋቢ መካከል ተቀመጥኩ። ሾፌሩ መጀመሪያ ጥሩምባ ነፋ። ቀጥሎ ምን እንደምንጠብቅ ሊያይ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ሄዶ ሞተሩን አጠፋና መጥቶ ከጋሽ ደመቀ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

ባልየው ወረደ። ሚስትየዋ ቅርንጫፍ ላይ ቀረች። ጋሽ ደመቀ አንገታቸውን ሊያሰግጉ ሲሉ ሾፌሩ እጅጌያቸውን ይዞ፣ «ፋዘር፣ እንዳይነቃነቁ!» አላቸው በሹክሹክታ።  እሷ አንዴ ወደ ገመዱ፣ አንዴ ወደ እማማ ዘውዴ አየች፤ ወረደች። ግንባሯ አረንጓዴ፣ ሣሩ የደረቀ፣ ቆርቆሮው የዛገ። አነሣሁ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደመቀ ፎቶውን ከፈቱት። እጃቸው ማውሱ ላይ ሄዶ ቆመ። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» አሉና በራሳቸው ሣቁ፤ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ወደ አታሚው የላኩት እንዳለ ነው። በዚያ ቤት ሳይነኩት ያወጡት ፎቶ ከዚያ በፊት አላየሁም።

አራተኛ ፎቅ ድረስ ይዘነው ወጣን። እማማ ዘውዴ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየነኩ፣ «እሱ። እሷ» አሉ። ጣታቸው ወደ ጥጉ ሄደ። «ይቺ ደግሞ ገመዴ።» ከዚያ አለቀሱ። ጋሽ ደመቀም ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ዛሬ ፎቶ ቤቱን የምመራው እኔ ነኝ። ማበጠሪያው አለ፣ ኮቷም አለች። ከማንሣቴ በፊት ግን ደንበኛውን ፎቶው ላይ ምኑን እንዳልነካበት እንደሚፈልግ እጠይቃለሁ። እስከ ዛሬ መልስ ያጣ ሰው አልገጠመኝም።