ምሳዬን የከፈለው ሰው

ዛሬ ተከላካይ ጠበቃ ነኝ፤ ያኔ ግን የሙስና ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። አንድ ቀን ከአዳማ ቆቃ ወርጄ ዓሣ አዘዝኩ። ቀና ስል፣ በማግስቱ ችሎት የምንገናኘው ተከሳሽ፣ በዋስ የወጣው ነጋዴ፣ ፊት ለፊቴ እየበላ ነው። ቶሎ ጎራርሼ ሂሳብ ጠየቅኩ።

«ተከፍሏል ጋሼ» አለች አስተናጋጇ።

ሰው ይህን ከሰማ ክሱም እኔም አበቃልን። ሄጄ ብሩን ፊቱ ወረወርኩ።

«የተከሳሽ ምሳ አልበላም!»

«ኧረ ጌታዬ፣ የኔም ተከፍሏል እኮ! እርስዎ መስለውኝ ቁጭ ብዬ እየፈራሁ ነው።»

ሁለታችንም ወደ አስተናጋጇ ዞርን። በአገጯ ጥጉን አሳየችን። ነገ ጉዳያችንን የሚያዩት ዳኛ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር።

«ጠገባችሁ?» አሉን።